ማንበብ የቋንቋ መምህር ሥራ ብቻ አይደለም

«ልጄ ሌት ተቀን ታጠናለች፤ ደብተሯን ከእጇ አትለይም፤ ውጤቷ ግን ከዓመት ዓመት ያው ነው» የሚል ቃል ከብዙ እናቶች አፍ ይሰማል። አባቶችም በበኩላቸው «መጽሐፉ ተገዛ፣ አስጠኚ ተቀጠረ፣ ከዚህ ሌላ ምን ይደረግ?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱ የሚፈለገው ግን ከሌለበት ነው። ልጅቱ ሰነፍ ናት ይባላል፤ ወይም ፈተናው ከበዳት ይባላል። በፊቷ የተዘረጋውን ገጽ አንብባ ምን ያህሉን እንደተረዳችው የሚጠይቃት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

«ማንበብማ ከትንሽነቷ ጀምሮ ትችላለች» የሚሉ ወላጆች አይጠፉም። እርግጥ ነው፣ ፊደል ለይታ፣ ቃል ገጣጥማ፣ ዓረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ ታደርሰዋለች። ይሁን እንጂ ገጹን ማንበልበልና በገጹ ላይ የሰፈረውን ሐሳብ መረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከመረዳትም በላይ ሌላ ደረጃ አለ። ይኸውም የተነበበውን መመርመር፣ «ይህ በምን ታወቀ? ምክንያቱ ምንድን ነው? ሌላስ መልስ የለውም?» እያሉ ማመዛዘን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከተማሪው የሚጠብቀው ይህንን ነው። በየክፍሉ የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ መገልበጥና ለፈተና መሸምደድ ነው።

የቅርብ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ለሁላችንም ማስጠንቀቂያ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ አልፈዋል። መሻሻል መኖሩ አይካድም። ቢሆንም በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከ100 ተፈታኞች መካከል ከ90 በላይ የሆኑት ግማሹን ውጤት አላገኙም ማለት ነው። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይጠቀሳል። የመጽሐፍ እጥረት፣ የክፍል መጨናነቅ፣ በጦርነትና በወረርሽኝ ምክንያት የተቋረጠ ትምህርት፣ ሁሉም ድርሻ አለው። ነገር ግን ጥያቄውን አንብባ ያልተረዳች ተማሪ መልሱን ብታውቀው እንኳ ልትመልሰው እንደማትችል ግልጽ ነው።

የችግሩ ሥር ከታችኛው ክፍል ይጀምራል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተካሄደ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ አሳይቷል። እንዲህ ሆኖ ከክፍል ወደ ክፍል የተሸጋገረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሌላ ዳገት ይጠብቀዋል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ተደርጓል። በአንዳንድ አካባቢ ወደ እንግሊዝኛ የሚገባው ከ9ኛ ክፍልም ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ስለ አፈርና ስለ ውኃ፣ ስለ ሰው አካልና ስለ አገሩ ታሪክ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሲማር የቆየ ልጅ በአንድ ክረምት ልዩነት ሁሉንም በእንግሊዝኛ ማንበብ ይኖርበታል ማለት ነው። እንግዲህ መሸምደድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያልገባውን ነገር ይዞ ፈተና መቀመጥ ግድ የሆነበት ተማሪ ቃሉን እንዳለ ከመያዝ ሌላ ምን አማራጭ አለው?

ታዲያ በ9ኛ ክፍል ማንበብን የሚያስተምረው ማነው? የፊዚክሱ መምህር «እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ንባብ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው» ይላል። የእንግሊዝኛው መምህር ደግሞ ሰዋስውን አስተምሮ ይወጣል፤ የፊዚክስን መጽሐፍ ገልጦ ሊያነብላቸው አይችልም። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በጠቅላላ «ይህ ከታች ሊያልቅ የሚገባው ነበር» ይላሉ። የታችኞቹም ምክንያት አያጡም። እንዲህ እየተገፋፋ ሥራው ባለቤት ያጣል። ልጅቱም በመካከል ትቀራለች።

ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በአለን ቡሎክ ሰብሳቢነት የተቋቋመ ኮሚቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ባቀረበው ሰፊ ሪፖርት፣ ቋንቋና ንባብ በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሊወሰኑ እንደማይገባና እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በሁሉም ትምህርቶች ውስጥ የሚሠራበት መመሪያ ሊኖረው እንደሚገባ አሳስቧል። ምክንያቱም ቀላል ነው። የታሪክ መጽሐፍ የሚነበበው እንደ ሒሳብ መጽሐፍ አይደለም፤ የባዮሎጂ ሥዕል የሚነበበው እንደ ጂኦግራፊ ካርታ አይደለም። የየራሱን ትምህርት አነባበብ ከራሱ መምህር የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከታሪክ እንጀምር። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እንደተፈረመ፣ የአድዋም ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደሆነ ተማሪዎች በቃላቸው ይይዛሉ። ቀኑን መያዝ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ የሆነው በማንበብ ጉዳይ መሆኑን ስንቶቹ ያስተውሉታል? የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይችላሉ የሚል ነበር። በኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን መቻሉ ወደ ግዴታነት ተለውጦ ተገኘ። በአንዲት ግሥ ልዩነት የአገር ነጻነት አደጋ ላይ ወደቀ። ውሉን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል እቴጌ ጣይቱ ብጡል ግንባር ቀደም እንደነበሩ ይታወቃል። አንድ የታሪክ መምህር ሁለቱን አባባሎች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ጽፎ «ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ልዩነቱ ማንን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ታሪክንም፣ ንባብንም፣ ማመዛዘንንም አስተማረ ማለት ነው።

ወደ ሒሳብ እንለፍ። አንድ ነጋዴ በ1,000 ብር ይሸጠው በነበረው ቀሚስ ላይ 20 ከመቶ ጨመረ፤ ቆይቶም «ታላቅ ቅናሽ» ብሎ ከአዲሱ ዋጋ ላይ 20 ከመቶ ቀነሰ። ቀሚሱ አሁን ስንት ብር ነው? ብዙ ተማሪ ጥያቄውን ሳይጨርስ «ያው 1,000 ብር» ይላል። ሰከን ብላ ያነበበች ግን ቅናሹ የተወሰደው ከ1,200 ብር መሆኑን ታያለች፤ ስለዚህ መልሱ 960 ብር ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ስሌቱ ሳይሆን «ከአዲሱ ዋጋ ላይ» የሚለውን ሐረግ ዘሎ ማለፍ ነው። ሱቅ ደጃፍ ላይ የተለጠፈ የቅናሽ ማስታወቂያ ያየች የቤት እመቤት ሁሉ ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ትረዳዋለች።

በባዮሎጂም እንዲሁ ነው። የወባን ተሐዋሲ ስም መያዝ አያስቸግርም። ሴቷ አኖፊለስ የምትባለው ትንኝ ወባን ከሰው ወደ ሰው እንደምታስተላልፍም ይጻፋል። ነገር ግን መምህሯ «በአገራችን በብዙ ቦታ ወባ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ የሚበረታው ለምን ይመስላችኋል? መልሱን ከዚህ ገጽ ውስጥ ፈልጉ» ብትል፣ ተማሪዎቹ ስለ ታቆረ ውኃና ስለ ትንኟ መራቢያ የተጻፈውን መስመር ከወቅቱ ጋር ማገናኘት ይኖርባቸዋል። ምክንያትን ከውጤት ማያያዝ ይህ ነው። ኬሚስትሪስ ቢሆን? በየቤታችን የሚገኘው በረኪና አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ «ለምን አትደባልቁ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ኬሚስትሪውንም ተማረ፤ ቤተሰቡንም ከአደጋ ጠበቀ።

እንዲህ ዓይነቱ አስተማሪነት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው በንባብ ቤት አይቀርም፤ ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል። እዚያም በሰሙ ውስጥ የተሰወረውን ወርቅ ይፈልጋል። በትርጓሜ ቤትም መምህሩ አንዱን ቃል ከፈታ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍች ይጨምራል። በሸንጎም ቢሆን አባቶቻችን ሙግትን የሚመሩት በተጠየቅ ነበር። እናቶችም በምድጃ ዙሪያ ልጆቻቸውን «እንቆቅልሽ» እያሉ ማሰብን ሲያለማምዱ ኖረዋል። በጎጃም በቅኔ መምህርነታቸው ስማቸው የገነነው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ፊደሉን በዓይናቸው ሳያዩ የቃልን ምስጢር ለደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። ከእሳቸው ሕይወት የምንረዳው ማንበብ በመጨረሻው የአእምሮ ሥራ መሆኑን፣ ለዚህም ሴት ልጅ ከወንድ የምታንስበት ምክንያት አለመኖሩን ነው።

ይህንን ካነሣን ዘንድ በየቤታችን ስላለው ነገር በግልጽ መነጋገር ይገባናል። ወንድ ልጅ ሲጠይቅ «ንቁ ነው» ይባላል። ሴት ልጅ ስትጠይቅ ግን «ምላሷ ረዘመ»፣ «ዓይን አውጣ ሆነች» ትባላለች። እንግዳ ፊት ዝም እንድትል፣ የተነገራትን እሺ ብላ እንድትቀበል ትመከራለች። ጨዋነት መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን 14 ዓመት ሙሉ «ዝም በይ» እየተባለች ያደገች ልጅ 60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይህ አልገባኝም» እንድትል መጠበቅ አይቻልም። ሳይገባት ታልፋለች፤ ትሸመድዳለች፤ ትወድቃለች። ትምህርት ቤቱ እንድትጠይቅ ሲያበረታታት ቤቷ የሚያፍናት ከሆነ አንዱ የገነባውን ሌላው እያፈረሰው ነው።

ጉዳቱም በፈተና ውጤት አያበቃም። ከትምህርት ገበታ ቀርተው ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዓረብ አገሮች ከሚሄዱት እህቶቻችን መካከል የፈረሙትን ውል ምንነት ሳያውቁ የሚሳፈሩ መኖራቸው የታወቀ ነው። የደመወዙ መጠን፣ የዕረፍት ቀኑ፣ የውሉ ዘመን፣ ፓስፖርቱን ማን እንደሚይዝ፣ ሁሉም በወረቀት ላይ የሚሰፍር ነገር ነው። የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የባንክ ብድር ውል፣ የቤት ኪራይ ስምምነትም እንዲሁ። በየስልኩ የሚተላለፈው ወሬም አለ። «ይህን ቅጠል ጠጡ፣ ስኳር በሽታ ይድናል» ተብሎ ሲጻፍ «በምን ታወቀ? ማን አረጋገጠው?» የሚል ሰው በቤቱ ውስጥ ከሌለ ወሬው ጉዳት ያደርሳል። አንብባ የምታመዛዝን ልጅ ለወላጆቿም መከታ ናት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ለእናቶች አንድ ነገር እናስታውስ። «እኔ ራሴ አልተማርኩም፤ እንግሊዝኛውንም አላውቀው፤ በምን እረዳታለሁ?» ማለት አይገባም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወጣት ተማሪዎችን የእናቶችና የአባቶች አስተማሪ አድርጎ ነበር። ሌላውን ያስተማረ ሰው የተማረውን ይበልጥ እንደሚያውቀው ማንም አስተማሪ ይመሰክራል። ስለዚህ በየማታው ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው «ዛሬ ያነበብሽውን ለእኔ በኛ ቋንቋ አስረጂኝ» ይበሏት። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ ይበቃል። ከዚያም ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቋት።

አንደኛ፣ «ምን ይላል?» የተጻፈውን በራሷ አነጋገር ትንገርዎ። የመጽሐፉን ቃል እንዳለ የምትደግመው ከሆነ ገና አልገባትም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ «በምን ታወቀ?» መጽሐፉ ለተናገረው ነገር ምን ማስረጃ እንዳቀረበ ፈልጋ ታሳይዎ። «መጽሐፉ ስላለ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም።

ሦስተኛ፣ «እንዲህ ባይሆን ኖሮስ?» ይህ ጥያቄ ከገጹ ውጭ እንድታስብ ያደርጋታል። ዝናቡ ባይዘንብ፣ ውሉ ባይፈረም፣ ቁጥሩ ቢለወጥ ምን ይሆን ነበር?

መልሱን እርስዎ ማወቅ አያስፈልግዎትም። ልጅቱ ሲያቅታት ራሷ ታውቀዋለች፤ በማግስቱም ምን ብላ መምህሯን እንደምትጠይቅ ታውቃለች። ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ ያልገባውን ለይቶ አያውቅም። ያላወቀችውን ቃል የምትመዘግብበት አንዲት ትንሽ ደብተር ትኑራት። በአንዱ ወገን እንግሊዝኛውን፣ በሌላው ወገን በራሷ ቋንቋ ፍቺውን፣ ከሥሩም ቃሉ የሚገኝበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ትጻፍ። ማጥናት ከመጀመሯ በፊትም ርእሱን፣ ንዑሳን ርእሶቹን፣ ሥዕሉንና ሠንጠረዡን አይታ ምዕራፉ ስለምን እንደሚናገር ትገምት። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ንባቡን ግን እጅግ ያቀላል።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አባቶችና ወንድሞች ይስሙን። ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ የምትቀዳው፣ ወጥ የምትሠራው፣ ዕቃ የምታጥበው፣ ሕፃን የምታዝለው እሷ ብቻ ከሆነች መጽሐፍ የምትገልጠው ዓይኗ እንቅልፍ ሲሞላ ነው። ወንድሟ ዕቃ ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም። ሥራው ለሁለት ቢከፈል ሁለቱም ያነባሉ።

ወላጆች በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ ሲገኙም ስለ ዲሲፕሊንና ስለ መዋጮ ብቻ ተነጋግረው አይመለሱ። «በታሪክ፣ በባዮሎጂና በሒሳብ ክፍል ልጆቻችን መጽሐፉን በክፍል ውስጥ ያነባሉን? ጥያቄ ይጠይቃሉን? ወይስ ኖት ብቻ ነው የሚገለብጡት?» ብለው ይጠይቁ። መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። መምህራን የተጨናነቀ ክፍል፣ የማያልቅ የትምህርት ይዘትና አጭር ክፍለ ጊዜ እንዳለባቸው እናውቃለን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲሰጥ የነበረውን እናስታውስ። ትምህርቱ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ የቴሌቪዥኑ መምህር «አልገባኝም» የሚል ተማሪ ቢኖር ሊሰማው አይችልም ነበር። በሰው የሚመራ ክፍል ከዚህ የሚሻለው መምህሩ ቆም ብሎ ማዳመጥ ስለሚችል ነው። ከ40 ደቂቃው ላይ 5ቱን ወስዶ አንድ አንቀጽ ከተማሪዎቹ ጋር ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ «እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ስረዳው እንዲህ ነው፤ እናንተስ?» ቢል፣ ትምህርቱ ከመዘግየት ይልቅ ይፈጥናል። የገባው ነገር ሁለተኛ ማብራሪያ አይፈልግምና።

ውድ አንባቢያን፣ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለውን አባባል ያላስተማረ ቤት የለም። ተግባር ላይ የሚውልበት ቤት ግን ጥቂት ነው። የንባብ ጉዳይ የአንድ የእንግሊዝኛ መምህር ዕዳ ሆኖ ሊቀር አይገባም። የሁሉም መምህራን፣ የእናትም የአባትም ሥራ ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልጅዎ «ለምን?» ስትል ሥራ ቢበዛብዎ እንኳ ዝም በይ አይበሏት፤ «እስቲ አንቺ ምን ይመስልሻል?» ይበሏት።